የቺማኪ ምርቃት

ቶኪዮ ውስጥ ኔሪማ ሰፈር መኪና አቁሞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የኑኩይ ካዮኮን ድምፅ ያውቃል። «እባክዎ ትኬትዎን ያስገቡ» የምትለው እሷ ናት። ትኬቱን ገልብጦ ያስገባውን ሰው «እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» እያለች በትሕትና የምታደርቀውም እሷው ናት፤ በዚህ የተነሳ በቀን ስንት ሰው እንደሚሰድባት አንድዬ ይወቀው። ከዚያ ሌላ በፊልም ድምፅ ተዋናይነት ድመት ሆናለች። ሦስተኛዋ የመንደር ሴት ሆናለች። በአንድ የጦርነት ፊልም ላይ ደግሞ መጀመሪያ ራሷ ሞታ፣ ቀጥሎ ሬሳውን አይታ የምትጮኸው ጎረቤት ሆናለች፤ ሰው አጥተው ነው።

እንዲህ እያለች ሃያ ሁለት ዓመት ቆየች። በድምፅዋ ኖረች ማለት ግን ውሸት ይሆናል። የምትኖረው ጠዋት ጠዋት በወይዘሮ ሆሺና ሱቅ ድንች እየጠበሰች፣ ሩዝ እየደለደለች፣ የምሳ ሳጥን እየከደነች ነው። ወይዘሮ ሆሺና ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው ከዘይት፣ አፋቸው ከሰው ላይ አይነሳም። ካዮኮ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ለምን እንደምትጠፋ ብዙ ጊዜ ተነግሯቸዋል፣ ግን በቅጡ አልገባቸውም። አኒሜ በሚባለው የካርቱን ፊልም ውስጥ ትናገራለች ሲሏቸው ምን ብላ ይላሉ። ራበኝ ብላ ሲሏቸው ደግሞ፣ ለዚህም ሰው ይቀጠራል ወይ ብለው ድንቻቸውን ይገለብጣሉ።

እውነታቸውን ነው። ካዮኮ በአርባ አንድ ዓመቷ ያገኘችው ትልቁ ሥራ ይኸው ነበር፤ ራበኝ ማለት። አኒሜው የስድስት ልጃገረዶች ታሪክ ነው። የሚኖሩባት የወደብ ከተማ ሰው አልባ እየሆነች፣ ሰው የምታመላልሰው መርከብም ልትቀር ስትል፣ ልጆቹ አይዶል የሚባሉት ዓይነት ወጣት የመድረክ ኮከቦች ሆነው ዘፍነውና ጨፍረው እንግዳ ለመሳብ ይነሳሉ። እያንዳንዷ የራሷ ቀለም አላት። ቀይዋ መሪ ናት፣ ሰማያዊዋ ኩሩ ናት፣ ሐምራዊዋ ምስጢር አላት። የካዮኮዋ ቺማኪ ቢጫ ናት። ቢጫ ማለት፣ አይዶል የሚከታተል ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የማሳቂያ ቀለም ነው። ቺማኪ በየክፍሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ «ሆዴ እኮ ጮኸ» ትላለች፣ ሰው ይስቃል፣ ከዚያ ሌሎቹ ወደ ቁም ነገራቸው ይመለሳሉ።

የሚገርመው ግን፣ እውነተኛ የሆድ ጩኸት ስቱዲዮ ውስጥ ነውር ነው። ማይኩ ሁሉን ይሰማል። ስለዚህ ካዮኮ ሆዴ ጮኸ ለማለት ሐሙስ ሐሙስ ሁለት ሙዝ በልታ ነበር የምትገባው።

እንዲህ ዓይነት አኒሜ አሠራሩ የታወቀ ነው። ዘፈንና ጭፈራው ለዓይን ነው፤ ሰውን ከወንበሩ የሚያስረው የየልጅቷ ታሪክ ነው። እያንዳንዷ ተራዋን ጠብቃ አንድ ሙሉ ክፍል ይሰጣታል። ያ ክፍል የእሷ ነው፤ ቁስሏ ይወጣል፣ ታለቅሳለች፣ ጓደኞቿ አብረው ያለቅሳሉ፣ በመጨረሻ መድረክ ላይ ወጥታ ትዘፍናለች፣ ተመልካቹም መሀረቡን ይጨርሳል። ቀይዋ መድረክ ስትፈራ አለቀሰች። ሰማያዊዋ ከአባቷ ጋር ተጣልታ አለቀሰች። ሐምራዊዋ እናቷን አስታውሳ ሁለት ክፍል ሙሉ አለቀሰች፤ ስስት ነው። አረንጓዴና ነጭም ድርሻቸውን አለቀሱ። ቺማኪ ብቻ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት እንባ አላፈሰሰችም። በሌሎቹ ለቅሶ መሀል እየገባች ዳቦ ትገምጣለች።

ካዮኮ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለቺማኪ አንድ ክፍል። ስለ ራሷ ዝና አልነበረም፤ በዝና ተስፋ ከቆረጠች ቆይታለች። ልጅቷ አሳዘነቻት። ማንም ምን ሆንሽ ብሎ ጠይቋት የማያውቅ ልጅ ናት። ካዮኮ ማታ ማታ ከሱቅ የተረፈውን ምሳ ሞቅ አድርጋ ስትበላ፣ ይቺ ልጅ ግን ምን ሆና ነው እንዲህ የምትስቀው እያለች ታስብ ነበር።

ለሁለተኛው ዙር አዲስ ደራሲ መጣ። ኢኩማ መምህር ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የምራትና የአማት ጠብ፣ የአኩሪ አተር አይብ ሻጭ ባልቴት ኑሮ፣ የሦስት ወንድማማቾች ውርስ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። በእርሳስ ይጽፋሉ፣ በፋክስ ይልካሉ። አይዶል የሚባል ነገር ሲነገራቸው፣ ስድስት ሴት ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ነው፣ አባት ብቻ ነው የጠፋው ብለው ሥራውን ተቀበሉ አሉ። የሙያውን ቋንቋ ግን አያውቁትም ነበር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

በመስከረም የዙሩ ፕሮግራም ለተዋንያኑ ተላከ። የየክፍሉ ርዕስ ብቻ ነው የተጻፈው። ካዮኮ ወረቀቱን የተቀበለችው ሱቅ ውስጥ፣ ክንዷ ድረስ ዱቄት ሆና ነበር። ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት እያለች ወረደች። ክፍል አሥር ላይ ስትደርስ «የቺማኪ ምርቃት» ይላል።

ወረቀቱ ከእጇ ወደቀ።

በአይዶል ሰፈር ተባረረች አይባልም። ተወች፣ ለቀቀች፣ ተጣላች አይባልም። ተመረቀች ነው የሚባለው። ጥርሷን ታማ ብትወጣም ተመረቀች ነው፣ ፍቅረኛ ይዛ ተገኝታ ቢያስወጧትም ተመረቀች ነው፣ ሰለቸኝ ብላ ብትሄድም ተመረቀች ነው። አበባ ይሰጣታል፣ ይለቀስላታል፣ በማግሥቱ ስሟ ከግድግዳ ይነሳል። ካዮኮም ያወቀችው ይህን ነው፤ ቺማኪ ከቡድኑ ልትወጣ ነው፣ እሷም ከሥራዋ።

ደነገጠች፣ ቀጥላ ተናደደች። እንኳን አንድ ክፍል ሊሰጧት፣ የነበራትንም ሊወስዱባት ነው። ወይዘሮ ሆሺና ምን ሆነሽ ነው ድንቹን እንደ ጠላት የምትጨፈልቂው ቢሏት፣ ልጄን ሊያስወጡብኝ ነው አለች። እሳቸውም የትኛዋን ልጅ ብለው ግራ ገባቸው፤ ካዮኮ ልጅ የላትም።

የድምፅ ተዋንያን ወኪል የሆነው ቶኮሮ ዘንድ ደወለች። ቶኮሮ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ከጥላው ጋር ሲጋጭ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ነው። ምንም እንዳልተነገረው ነገራት። ሄዶ ቢጠይቅ ደግሞ ቅሬታ ያቀረበ ይመስልበታል። እሷም፣ አዎ ቅሬታ ይመስላል አለች። ሁለቱም ቅሬታ ይመስላል ተባብለው ስልኩን ዘጉ። በዚህ አገር በይሉኝታ ስንት ቤት እንዲህ ተቃጥሏል።

እንግዲህ የቀረው ጨዋ ሆኖ መሄድ ነው። ሰው ከሥራ ሲለቅ ጣፋጭ ይዞ መዞር አለበት። ካዮኮ ከሰፈሯ ጣፋጭ ቤት ሠላሳ ሁለት የባቄላ ኬክ አሠራች። እያንዳንዱ በየራሱ ወረቀት ተጠቅሏል፤ ከዳይሬክተሯ ጀምሮ ሽቦ እስከሚጠቀልለው ቴክኒሻን ድረስ አንድም ሰው እንዳይቀር ሁለቴ ቆጠረች። በክዳኑ ላይ በጥሩ ጽሕፈቷ «ለረጅም ጊዜ በእጃችሁ ነበርኩ። ኑኩይ» ብላ ጻፈች። የስምንተኛው ክፍል ቀረጻ ዕለት ሳጥኑን ሻይ ማፍያው አጠገብ አስቀምጣ፣ ሥራዋን ሠርታ፣ ጎንበስ ብላ ወጣች።

አሁን ይህን ልብ በሉ። ሥራ ቦታ የሚገባ ሰው «በእጃችሁ ነኝ» ይላል። የሚደውል «በእጃችሁ ነኝ» ይላል። ፈጽሞ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች እንኳ «ሁልጊዜ በእጅዎ ነኝ» እየተባባሉ ይጻጻፋሉ። «በእጃችሁ ነበርኩ» ያለ ሰው ግን ሻንጣውን አንስቷል። የክዳኑን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ የጀመረውን ኬክ አስቀመጠ። አንዱ ልታገባ ነው አለ። ሌላዋ ታማ ይሆናል አለች። ቴክኒሻኑ ሁለት በላ።

የድምፅ ዳይሬክተሯ ያሳካ ኮስታራ ሴት ናት፤ በመስታወቱ ጀርባ ተቀምጣ «አንዴ እንደገና» ከማለት በቀር ብዙ አትናገርም። እሷ ለፕሮዲዩሰሩ ለሚኖዋ ደወለችና ኑኩይ ልትለቅ ነው አለችው። ሚኖዋ ምክንያቱን ጠይቀሻታል ወይ ቢላት፣ ሰው የግል ጉዳዩን ይጠየቃል ወይ ብላ መለሰችለት። ልክ ነሽ አለ። ለቶኮሮ ደውሎ ሊጠይቅ ስልኩን አነሳና፣ ሊያስቀሩዋት የሚጫኑ ይመስላል ብሎ መልሶ አስቀመጠው። በሚቀጥለው ሐሙስ ከካዮኮ ጋር ስቱዲዮው ኮሪደር ላይ ተገናኙ። ሁለቱም ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎንበስ አሉ።

«ነገሩ ለሁላችንም ከባድ ነው» አለ ሚኖዋ።

«እኔ ተቀብዬዋለሁ። እንዳይጨነቁ» አለች ካዮኮ።

እሱ፣ ምን ዓይነት ጨዋ ሴት ናት፣ እየሄደች እንኳ እኛን ታጽናናለች አለ በልቡ። እሷ፣ ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ነው፣ እያባረረኝ እንኳ ያዝናል አለች። እንደገና ጎንበስ ተባባሉና ተለያዩ።

ሚኖዋ ከዚያ በቀጥታ ኢኩማ መምህር ቤት ሄደ። መምህሩ ያኔ ክፍል አሥርን ጽፈው ጨርሰዋል። እሳቸው ምርቃት ሲሉ ምርቃት ማለታቸው ነበር። ከስድስቱ ልጆች ገና መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ያለችው ቺማኪ ብቻ ናት፤ መጋቢት ሲደርስ ከዘጠነኛ ክፍል ትመረቃለች። አምስቱ ጓደኞቿ ድግስ ሊያደርጉላት ሽር ጉድ ይላሉ፣ እሷ በርዕሰ መምህሩ ንግግር መሀል ታንቀላፋለች፣ ኬኩ ይወድቃል፣ ተሳቀ፣ አለቀ። በዙሩ የዕቅድ ስብሰባ ላይ የነበረ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ርዕሱን በወረቀት ብቻ ያየ ሰው ምን እንደሚመስለው ግን ማንም አላሰበም። አሁን ሚኖዋ፣ ተዋናይቷ እየለቀቀች ስለሆነ ልጅቷን ከቡድኑ የሚያወጣ ታሪክ ይሁን አላቸው። ሰው በሌላ ድምፅ ከሚለምዳት በክብር ብትሄድ ይሻላል።

ኢኩማ መምህር ይቺን ልጅ ከዚያ ቀን በፊት ከልብ አስበዋት አያውቁም ነበር። ሊያስወጧት ሲቀመጡ ግን ማሰብ ግድ ሆነባቸው። ያለፉትን ክፍሎች ሁሉ አስቀርበው አዩና ለሚኖዋ አንድ ጥያቄ ጠየቁት።

«ይቺ ልጅ እራቷን ከማን ጋር ነው የምትበላው?»

ሚኖዋ አላወቀም። ማንም አላወቀም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትበላ ስለዋት፣ አብሯት የሚበላ ሰው አልሳሉላትም።

አዲሱ ድርሰት ለካዮኮ በደረሳት ጊዜ በሱቁ ጓሮ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነበር ያነበበችው። ክፍሉ ከአንደኛው ገጽ እስከ መጨረሻው የቺማኪ ነው። አባቷ በመርከቧ ላይ ምግብ ያበስል ነበር። እናቷ ከከተማው ከወጣች ቆይታለች። መርከቧ ጉዞዋን ስትቀንስ አባቷ ሥራ ፍለጋ ናጎያ ወደምትባል ትልቅ ከተማ ይወርዳል፣ እሷም ልትከተለው ነው፣ ለጓደኞቿ ግን አልነገረቻቸውም። በየልምምዱ የምትበላው ርቧት አልነበረም። ቤቷ ገበታ የለም፤ ሰው ያለበት ገበታ እዚያ ብቻ ስለነበር ነው። ይህን የምትናገረው ወደቡ ላይ፣ ስድስቱ አንድ ላይ ቆመው ነው። ገጽ ሠላሳ አንድ። ካዮኮ ያቺን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበበችና ዱቄት ባለው እጇ ፊቷን ሸፈነች። ደስ አላት፣ ከፋትም። የለመነችውን ሰጧት፣ ግን የሰጧት ሲሸኟት ነው።

የክፍል አሥር ቀረጻ ሐሙስ መጣ። ካዮኮ ጨርቁ የማይንኮሻኮሽ ልብሷን ለብሳ፣ ሙዟን በልታ፣ ስቱዲዮ ገባች። ሥዕሉ ገና አላለቀም፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የእርሳስ መስመር ብቻ ነው። ቀረጻው ሊጀመር ሲል ደጁ ተከፈተና ኢኩማ መምህር ራሳቸው ብቅ አሉ። ስቱዲዮ መጥተው አያውቁም። በእጃቸው ጣፋጭ ይዘዋል። የተወለዱት ከሱሚዳ ወንዝ ዳር፣ ሰው በመስኮት እየተጯጯኸ ከሚኖርበት ሰፈር ነው፤ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም።

«ለመሆኑ ሰውየው ማነው?» አሉ ሳጥኑን እያቀበሏት።

«የቱ ሰውዬ?» አለች ካዮኮ።

«የምታገቢው ነዋ። ለትዳር ነው የለቀቀችው ብለውኛል።»

«እኔ አላገባም።»

«ታዲያ ታመሻል?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ መምህር።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ሥራውን የተውሽው?»

«እኔ መች ተውኩ? እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስመረቁኝ?»

 መምህሩ በቀስታ፣ ቃል በቃል፣ «እኔ ያስመረቅኳት ከዘጠነኛ ክፍል ነው» አሉ።

እንደ ገመድ ተራ በተራ ተፈታ። ምርቃቱ፣ ኬኩ፣ ክዳኑ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ የኮሪደሩ ነገር። አንድ ሰው አንዴ ብቻ ለምን ብሎ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ያሳካ መስታወቱ ጀርባ ሆና መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። ሁለት ኬክ የበላው ቴክኒሻን አንገቱን ደፋ። ሚኖዋ ግን መሬት ላይ ተንበረከከ፤ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አድርጎ ይቅርታ፣ ይቅርታ ይላል። ካዮኮም እሱ እዚያ ሆኖ እሷ መቆሟ ከብዷት አጠገቡ ተንበረከከችና እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ ትላለች። ኢኩማ መምህር ሁለቱንም ተነሱ ብለው ተቆጡ።

«ምንም የከፋ ነገር የለም» አሉ፣ እርሳሳቸውን ከኪሳቸው እያወጡ። «ሥዕሉም እርሳስ፣ የእኔም እርሳስ። መጨረሻው ገጽ ላይ መርከቧ ልትነሳ ስትል፣ አባትየው እዚሁ ሥራ አገኘሁ ብሎ ይደውላል፤ ልጅቷ ዘላ ትወርዳለች፣ ተቃቅፈው ወደ ምግብ ቤት ይሄዳሉ። ሁለት መስመር ነው።»

ሚኖዋ ሊያለቅስ ደረሰ። ሁሉም ተነፈሰ። ቀይዋን ልጅ የምትጫወተው ወጣት ተዋናይት የካዮኮን ክንድ ጨብጣ እንኳን ደስ ያለዎት አለቻት። የቀረው ካዮኮ ጎንበስ ብላ እንድታመሰግን ብቻ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስቱዲዮ ውስጥ እሺ እንጂ ሌላ ቃል ወጥቷት አያውቅም፤ ድመት ሁኚ ሲሏት እሺ፣ ሙቺ ሲሏት እሺ።

አሁን ግን እሺ አላለችም። የመኪና ማቆሚያው ትዝ አላት። ይህን ሥራ ካጣች ምናልባት እስክትሞት ድረስ ሌላ ቺማኪ አትመጣላትም፤ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፣ እያወቀች ራሷን አታታልልም። ፈራች። ፍርሃቱ ግን ያቺን ሠላሳ አንደኛ ገጽ ከዓይኗ ሊያነሳላት አልቻለም።

«መምህር፣ አትመልሷት» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ዘላ አትውረድ። ትሂድ።»

ያሳካ ከመስታወቱ ጀርባ የመናገሪያ ማይኳን ቁልፍ ተጫነች። «ኑኩይ፣ ከወረደች ሥራሽ ይቀጥላል። ከሄደች የአንቺ እዚህ ያበቃል። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«እና?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሳቅባት ኖራለች። እኔም አብሬ አስቄባታለሁ። ዛሬ ገና እራቴን ብቻዬን ነው የምበላው ብላ ተናገረች። ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ቀልድ ነበር ልንላት ነው? የሌሎቹ ቁስል የምር ሆኖ የእሷ ብቻ ለምን ቀልድ ይሆናል?» ይህን ያህል በአንድ ትንፋሽ ተናግራ አታውቅም። «አንድ ቀን እንኳ የምር ትሁን። እኔ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ፤ እሷ ግን ሌላ ክፍል የላትም።»

ሚኖዋ መምህሩን አየ። መምህሩ እርሳሳቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱት። ያሳካ ገጽ አንድ አለች።

ቀረጻው ተጀመረ። ስድስት ሴቶች አራት ማይክ እየተፈራረቁ፣ ገጹን ድምፅ ሳያሰሙ እየገለጡ ይሠሩ ጀመር። ካዮኮ ቀልዱን እንደ ወትሮው ቀለደች፤ እንዲያውም ከወትሮው አስቂኝ ሆነች፣ ምክንያቱም አሁን ልጅቷ ምን እየደበቀች እንደሆነ ታውቃለች። ገጽ ሠላሳ አንድ ሲደርስ ሌሎቹ አምስቱ ከማይኩ ራቅ ብለው ብቻዋን ተዉላት። አልጮኸችም፣ አልተንሰቀሰቀችም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ስታፍር እንደምትናገረው፣ እየቸኮለች፣ በመሀል ሳቅ እየጨመረች ተናገረችው። ከዚያ ደህና ሁኑ አለች። ስክሪኑ ላይ የእርሳስ መርከብ ከእርሳስ ወደብ እየራቀ ሄደ።

ያሳካ ቁልፉን ተጫነች። በድምፅ ማጉያው የተሰማው ግን አንድ ሰው አፍንጫውን ሲናፈጥ ነው። ሰማያዊዋ አለቀሰች፣ ሐምራዊዋ አለቀሰች፤ ይኼኛው ድርሰት ላይ አልነበረም። ኢኩማ መምህር ደግሞ ወደ ሚኖዋ ዞረው፣ መሀረባቸውን በጭንቅ እየፈለጉ፣ «እናንተ ሰዎች፣ ይቺን ሴትዮ ሁለት ዓመት ሙሉ ዳቦ ስታስገምጧት ነው የኖራችሁት?» ብለው አንባረቁበት። ሚኖዋ እንደገና ጎንበስ አለ።

ክፍሉ የተላለፈው የታኅሣሥ ብርድ ሲገባ ነው። ካዮኮ ያኔ ሐሙስም ድንች ትጠብስ ነበር። ቶኮሮ አዲስ ሥራ አገኘሁልሽ ብሎ ደውሎ ነበር፤ የአሳንሰር ድምፅ ነው፣ በሮቹ ይዘጋሉ ማለት። ስለ ቺማኪ ሰዎች ምን እንዳሉ ሊነግራት ጀምሮ፣ ራሱ ሆድ ብሶት ስልኩን ዘጋው። እሷ ክፍሉን አላየችውም። ብቻዋን ለማየት ፈርታለች።

ወይዘሮ ሆሺና ናቸው እስቲ አምጪው ያሏት። የጠዋቱ ገበያ ጋብ ሲል፣ ስልኳን በአኩሪ አተር ስጎ ጠርሙስ ላይ አስደግፈው፣ ሁለቱም ምጣዱ አጠገብ ቆመው አዩት። መጀመሪያ መጀመሪያ ወይዘሮዋ አንዴ ልጆቹ ጸጉራቸው ለምን ሰማያዊ ሆነ፣ አንዴ ቀሚሳቸው አጠረ እያሉ ሲያወሩ ነበር። ወደ መሀሉ ላይ ወደ ስልኩ ተጠጉ። ወደቡ ላይ ሲደረስ ማንኪያቸው አየር ላይ ቀረ። ዘይቱ ውስጥ ያለው ድንች ወርቃማ ሆነ፣ ቡናማ ሆነ፣ ከሰለ፣ ሁለቱም አላዩትም።

ሲያልቅ ወይዘሮ ሆሺና ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ካዮኮ ስትናገር እንደነበረ ጭራሽ አልተገለጠላቸውም፤ አርባ ሦስት ዓመት የሆናት ሴት አጠገባቸው ቆማለች፣ ያለቀሱላት ደግሞ አንዲት ትንሽ ልጅ ናት።

«ይቺ ቢጫዋ፣ ጎሽ፣ የማን ልጅ ናት?» አሉ።

«የኔ ናት» አለች ካዮኮ።

ወይዘሮ ሆሺና ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ታዲያ እራቷን ብቻዋን ስትበላ ዝም ብለሽ ታያለሽ?» ብለው ተቆጧት።